የአባቴን መንዙማ ፍለጋ

አዲስ አበባ አንድ የባህል ምሽት ቤት ውስጥ ዳንሰኛ ነበርኩ። የጉራጌውን፣ የትግራዩን፣ የወላይታውን፣ ልብስ እየቀያየርኩ በአንድ ምሽት የማልጨፍረው አልነበረም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣሁም ወዲህ ዊኬንድ ሰርግ ላይ እጨፍራለሁ፤ በአዘቦቱ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነኝ። ወሎ ውስጥ መንዙማ ይመራ ከነበረው ከገዛ አባቴ ግን አንዲት ስንኝ እንኳ አልያዝኩም። እሱ ሲሞት እኔ የጭፈራ ቱር ላይ ነበርኩ። ያንገበግበኛል፣ ምን ልዋሽ!

የእሱን መንዙማ የሚያውቁ አንድ ሰው ቀርተውኛል፤ እዚሁ ኮሎምበስ፣ ሊንደን ሰፈር የሚኖሩት አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት። እሁድ ከሰዓት መንዙማ የሚሉ ሴቶች ቤታቸው ይሰበሰባሉ። እሳቸው ድቤ እየመቱ ይመራሉ፣ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል። አስተምሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጥቂት ስንኝ ሰጡኝና "በይ ሞክሪ" አሉኝ።

መድረክ የለመደ ሰው ምን ያደርጋል? ብድግ አልኩ። ትከሻዬን ሰበቅ፣ ድምፄን ሳብ። ሴቶቹ ሊቀበሉኝ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ፋታ አልሰጠኋቸውም። አንዷ ጭራሽ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ታነሳኛለች። አክስቴ ድቤያቸውን አቆሙ።

"ለማን ልታሳዪ ነው? እዚህ እኮ ተመልካች የለም። ሂጂ ከኋላ ተቀመጪና ተቀበዪ።"

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ በሩ ጋ፣ ጫማ ከተከመረበት አጠገብ ተቀምጬ ስቀበል ከረምኩ። ወላሂ፣ መጀመሪያ ላይ በንዴት ነበር የምሄደው። "ስንት ዓመት መድረክ ላይ የቆምኩ ሰው ጫማ ልጠብቅ?" እያልኩ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። ስቀበል ስቀበል ግን ስንኞቹ ሳላውቀው ገቡኝ።

አንድ እሁድ አክስቴን መሀል ላይ ሳል ያዛቸው። ድቤው አልቆመም፣ ድምፃቸው ግን እምቢ አለ። እዚያው ጫማው ጋ እንደተቀመጥኩ ቀጣዩን ስንኝ አነሳሁና ፋታ ሰጠኋቸው። ሴቶቹ ተቀበሉ። ቀጠልኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሲበተን አክስቴን የሳል መድኃኒት ልገዛላቸው ይዣቸው ወጣሁ። ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ነው የምነዳው። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

"መጨረሻው ላይ ቸኮልሽ" አሉኝ።

"አበላሸሁት?"

"አባትሽም እዚያች ጋ ሲደርስ ይቸኩል ነበር።"

አረንጓዴው በራ። ከኋላ ክላክሱ ቢቀልጥም እንባዬ መንገዱን አላሳይ አለኝ።