ሰዓቷን ማን ያዘላት

የካራ ሰፊ ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮህን ከጎረቤትህ አጥር ላይ አንሣና ወደዚህ አዙር። ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ፣ ከ2004 ዓ.ም. ሰኔ ጀምሮ የሰፈሩ የዓይን ብሌን ተብለው እንዲጠሩ ታውጇል። ዙፋናቸው በረንዳቸው ላይ ያለችው በርጩማ ናት፤ በትረ መንግሥታቸው ክዳን የሌለው እስክሪብቶ።

ከበረንዳው ፊት ለፊት ዶርቃ ትኖራለች። ቀን ሾላ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ጎህ ሲቀድ ግን ዝናብ በሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ትዋኛለች፤ እንደራሰች ብስክሌት ላይ ወጥታ በጭቃው መንገድ ወደ እንጦጦ ጫካ ትወጣለች፤ ስትመለስ ብስክሌቱን አጥሯ ላይ አስደግፋ ዳገቱን በሩጫ ትያያዘዋለች። ስፖርቱን ፈረንጆች ትራያትሎን ይሉታል፤ የእሷ አስፋልት የማይነካው ዓይነት ነው። ቢሾፍቱ ላይ በተደረገው ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥታለች።

ይህን ለዘውድነሽ ማን ያስረዳ? በእሳቸው ትንተና፣ ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ መጓጓዣ የሚቀያይር ሰው ክትትል የሚሸሽ ሰው ነው። ከውድድር በተመለሰች ቀን ክንዷ ላይ የተወዳዳሪ ቁጥሯ 41 በቀለም ተጽፎ ስላዩ፣ የቀሩት አርባዎቹ የት እንደሚሰበሰቡ ማጣራት ጀመሩ።

«ፀጉርሽ እርጥብ፣ ጎማሽ ጭቃ፣ ጫማሽ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል» አሏት አንድ ጠዋት። «ስንት ቦታ ደርሰሽ ነው ልጄ?»

«ሦስት፣ እትዬ።»

«ይኸው፣ አመነች» አሉ ለግድግዳው፤ ሰዓቱን አይተው ጻፉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጻፉ። ገባች፣ ወጣች፣ በብስክሌት ሄደች፣ በእግር ተመለሰች፤ ሁሉም ከነደቂቃው። ደብተሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወረዳ ሄዶ ማኅተም እያረፈበት ይመለሳል፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በዚህ መሐል ከደቡብ አፍሪካ ዶርቃን ለትልቅ ውድድር የሚጋብዝ ደብዳቤ መጣ። ቪዛ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። የስፖርት ቢሮው ሰውዬ ቀና ሳይል፣ «ዋና፣ ብስክሌት ወይስ ሩጫ? አንዱን ምረጪ» አላት።

«ሦስቱም አንድ ላይ ነው።»

«ሦስት ክለብ መግባት አይፈቀድም። ሁለት ዓመት ስለመለማመድሽ ማኅተም ያለው ማስረጃ እስከ ዓርብ አምጪ። አለዚያ የለሽም።»

ታክሲ ውስጥ አሰበች። የራሷ ሰዓት ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፤ አሠልጣኝ የላትም። ልምምዷን በማኅተም የሚመሰክርላት በምድር ላይ አንድ ደብተር ብቻ ነው። በቀጥታ በረንዳው ሥር ሄዳ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔን የሚጽፉበትን ደብተር ያውሱኝ።»

«እኔ? በሰው ልጅ ላይ?» ነጠላቸውን ሳቡ። «ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም። ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ለእኔ ክብር ነው።»

ይህ ክብር የሚባለው ነገር ይበልጥ አስደነገጣቸው። በሩን ዘጉ።

ወረዳ ሄደች። ገረሱ የሚባለው ጸሐፊ ክርኑን የደብተር ክምር ላይ አስደግፎ፣ «እዚህ ማንም ስለ ማንም አይጽፍም» አላት። ከዚያ ከክምሩ አንዱን ሳበ። «ለመሆኑ ሰዓት እንደሚያዝብሽ ማን ነገረሽ? ሙሉ ስም?»

ከዚያ ወዲህ ዶርቃም መጠርጠር ጀመረች። በርበሬ ሁለቴ የሚገዛትን ደንበኛ፣ ብስክሌቷን የሚያደንቀውን መንገደኛ፣ የጸሎት ጉባኤ ላይ ዓይኑን ሳይጨፍን የሚጸልየውን ወንድም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ማለዳ እንደ ልማዷ ከካባው ወጣች፤ በየመታጠፊያው ማን እንደሚከተላት ዞር እያለች አየች። በበረንዳው ሥር ስታልፍ ከበርጩማዋ ላይ ድምፅ አመለጠ፦

«ዛሬ በአራት ደቂቃ ዘገየሽ።»

ዶርቃ ቆመች። ዘውድነሽ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነዋል፤ እስክሪብቶው ግን ከእጃቸው አልወረደም።

የስፖርት ቢሮው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዘመንህ በርጩማ ላይ ሳትቀመጥ አልቀረህም፤ አትማል፣ ማንም አልጠየቀህም። ብቻ ተነሥና ያንን ከፍራሽህ ሥር ያለውን ደብተር ግለጠው፤ የካራ ጠዋት፣ እርጥብ ፀጉር፣ አንዲት ብስክሌት የሚል መስመር ካገኘህ፣ ገጹን ከነማኅተሙ ቅደድና፣ ስምህን ሳትጽፍ፣ በልጅቷ በር ሥር አሾልክላት…