ለባቡሩ የተተወ መሬት

ነቀምቴ ባቡር የለም። እኔ ደግሞ እዚሁ ተቀምጬ በባቡር ተሽከርካሪ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በርቀት እማራለሁ። ይህን ለሰው ስናገር ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፤ ሌላው ከቀደመኝ ይከፋኛል።

እንጀራዬ በሙያ ኮሌጅ መኪና ጥገና ማስተማር ነው። ከክፍል ስወጣ ጨለለቂ ሰፈር ያለችው የኪራይ ቤቴ ገብቼ፣ መብራትም ኔትወርክም ካለ፣ ፉርጎ ኩርባ ላይ ሲደርስ ለምን ከሐዲዱ እንደማይወጣ ሳሰላ አመሻለሁ። ስሌቱ ይገባኛል። ባቡር ግን ተሳፍሬ አላውቅም።

አንድ ቀን መምህሩ በቪዲዮ፣ ሥራ ስትሄዱ የምትሳፈሩበት ባቡር ኩርባ ላይ ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል ብሎ በየተራ ጠየቀን። አንዱ ያፏጫል አለ፤ አንዷ ወለሉ እግሬን ይነዝረኛል አለች። ተራዬ ሲደርስ ካሜራዬን አጠፋሁና ኋላ "ኔትወርክ ተቋርጦብኝ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ለወትሮው የሚያስለቅሰን ኔትወርክ የዚያን ዕለት እንከን አልነበረበትም።

ይኸ እንኳ ከባዕድ ፊት ነው፣ ይረሳል። የባሰው ቢላ በምትባለው የገጠር መንደር ነው፣ አባቴ ዘንድ። አያቶቼ ከጎጃም ይምጡ እንጂ አባቴ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ ያረጀ ሰው ነው። ትምህርቱን ስጀምር ለምን እንደሚጠቅም ቢጠይቀኝ፣ "ባቡሩ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል" አልኩት። ቀደም ብሎ ቀያሾች መጥተው በእርሻው ጠርዝ ቀይ ችካል ተክለው ሄደው ነበርና ሁለቱን ነገር አገናኘው። ለዕድርተኛው ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ፣ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ያሰበውን ያንን መሬት ጦሙን አሳደረው።

አጥር የሚጋራው ጎረቤታችን ግን በራሱ በኩል ተከለ። የእኔ ትምህርት በመብራትና በኔትወርክ እየተጓተተ አምስት ዓመት ሲያልፈው፣ የእሱ ዛፍ አድጎ ቤት ሠራበት። የአባቴን ቆርቆሮ የተሸከመው እንጨት በምስጥ አልቋል፣ ጣሪያውም ያፈሳል። በሄድኩ ቁጥር ጎረቤቱ አንገቱን በአጥሩ ላይ ብቅ ያደርግና፣

"አካም ቡልቴ፣ ኢንጂነር! ባቡሪ ዮም ዱፋ?" ይለኛል። እንደምን አደርክ፣ ባቡሩ መቼ ይመጣል ማለቱ ነው።

"ኒ ዱፋ፣ ይመጣል" እላለሁ፣ ጆሮዬ ድረስ እየጋለኝ። የሚያሾፍ ይሁን የምሩን፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ቢላ ስገባ የአባቴ አልጋ ከግድግዳው ርቆ መሃል ቤት ቆሟል፤ በቦታው ሳፋ ተደቅኖ ጠብ ጠብ ይልበታል። "ምንም አይደል፣ ክረምት ነው" አለኝ። እኔ ግን በማግስቱ ገበያ ወጥቼ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተሸክሜ መጣሁ።

"አባባ፣ ባቡሩ አይመጣም። ቢመጣም በእኔ አይደለም፤ እኔ የምማረው ስለ ፉርጎው ነው። ተሳፍሬበትም አላውቅ። እባክህ ይኸን እንትከል።"

ችግኙን አገላብጦ አየው። "እንደማይመጣማ አጥቼው ነው? ችካሉ እንኳ በስብሶ ወድቋል።"

"ታዲያ መሬቱ ለምን ጦሙን ያድራል?"

ወደ አጥሩ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዛፍ የተከልኩበት ዕለት፣ አባቱ እንኳ ተስፋ ቆረጠበት ይሉሃል። ተምረህ እስክትጨርስ ይቆይ ብዬ ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ እንዳላፍር ብሎ ይኸን ሁሉ ክረምት ዝናብ ሲወርድበት ኖሯል። ዶማውን አነሳሁ። እርሻው ጠርዝ ስንደርስ ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ብቅ አለ።

"ኢንጂነር፣ ባቡሪ ዮም ዱፋ?"

አባቴ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"ሂን ዱፉ" አልኩ፤ "አይመጣም።" ፊቴ እንደ ወትሮው እየነደደ የመጀመሪያውን ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ።