የታናሽ እህቴ ሦስት ቃላት

ያኔ ኦቲዝም የሚባል ቃል ወሎ ሰፈር አልደረሰም። ታናሽ እህቴ ሰባት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል አልወጣትም፤ ሰው ፊት አታይም፤ ግቢ ውስጥ ስትሽከረከር ትውላለች። ጎረቤቱ ለክፏት ነው ይላል፣ እናቴ ጸበል ለጸበል ታዞራታለች። የእኔ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ እንደ ሰው ታናሽ «እታለም» ብላ እንድትጠራኝ።

አባቴ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር። አንድ ቀን ከአንዲት ሆስተስ ላይ የገዛውን ቴፕ ይዞ መጣ። ያቺ በስሟ ስንጣራ የማትዞር ልጅ ሄዳ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጠፈች። ወይ ጉድ፣ እኛ ስንት ዓመት ስንለፈልፍ!

ቀበሌ ውስጥ መሠረተ ትምህርት አስተምር ስለነበር ዘዴውን ከዚያው አመጣሁ፤ ቃሉን መጥራት፣ ነገሩን በቀጭን እንጨት መንካት። ድምፄን ካሴት ላይ ቀዳሁ። «ውሃ» ሲል ብርጭቆውን፣ «ዳቦ» ሲል ዳቦውን እነካለሁ። «እታለም» ላይ ስደርስ ራሴን በእንጨት መንካት አሳፈረኝ መሰለኝ፣ የሚናገረው የእኔው ድምፅ አይደል ብዬ ቴፑን ነካሁት።

ከስንት ወር ልፋት በኋላ «ውሃ» አለች። እናቴ እልል ልትል ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ልጅቷ ጩኸት አትወድም። «ዳቦ»ም ተከተለ። የእኔ ቃል ግን በጄ አላለም። አንዴማ ተናድጄ ትቻት ወጣሁና በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ክረምቱ ላይ ለዘመቻ ገጠር ተላክሁ። ወር ከምናምን እንደቆየሁ ደብዳቤ ደረሰኝ። እናቴ ናት ያስጻፈችው፤ ትንሿ ቀኑን ሙሉ «እታለም፣ እታለም» እያለች እንደምታለቅስ ይነግረኛል። ስንቴ እንዳነበብኩት እንጃ። አለቃችንን ለምኜ፣ እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መጣሁ።

በሩን ስከፍት ቆማ አገኘኋት። ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁላት። በጎኔ አልፋኝ ሄደች። ቁም ሣጥኑ ሥር ቆማ፣ ሽቅብ አንጋጣ «እታለም» አለች። ላዩ ላይ ቴፑ ተቀምጧል። ከተበላሸ ሰንብቷል፤ አባቴ እንዳትነካካው ብሎ ነው የሰቀለው።

 በማን ልፍረድ፣ ያስተማርኳት እኔው።

እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ «አየሽ እንዴት እንደናፈቅሻት? ስትጠራሽ ነው የከረመችው» አለችኝ።

«አዎ እማዬ» አልኳት።

ቴፑን አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እጇን ይዤ ደረቴ ላይ አደረግሁት፤ ሳበችና ቴፑ ላይ መለሰችው። እንደገና ያዝኳት። ስንት ዓመት እንዲህ ስንል ኖርን።

እህቴ ካረፈች ቆየች። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ይሁን ገበያ፣ አንዷ ታላቋን «እታለም» ብላ ስትጣራ ከሰማሁ ዞር እላለሁ።