ግማሽ ፊት

ባለቤቴና እኔ መጨረሻ ላይ አብረን የወጣነው አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ልንገዛ ነው። የግራ ዓይኑ ማየት ካቆመ ዓመታት ስላለፉት መንገድ ላይ ሁልጊዜ በግራው የምሄደው እኔ ነኝ። አስፋልቱን ስንሻገር ክንዴን ይዞ፣ «ሚኒባስ ቢመጣ አንቺን ገጭቶ እስኪጨርስ እኔ ሮጬ አመልጣለሁ» አለኝ። ፌስታሉን አሸከምኩት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ለሙት ዓመቱ እህቱ ትልቅ ሥዕል አሠርታ መጣች። ሰዓሊው ቤተ ክርስቲያን የሚሥል ሰው ነው። ባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ትልልቅና ጤነኛ ናቸው፤ ከኋላው ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል። እኔ በቀኙ ነኝ። ጥቁር ለብሻለሁ፤ ፊቴ በጎን ነው፤ ዓይኔም አንድ ብቻ።

ቁስቋም ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቃን ሁለት ዓይን እንዳላቸው፣ በጎን ባንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን እንደሆኑ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«እትዬ ደግሞ። እሱን እያየሽው እኮ ነው። ወደሱ ዞራ ትሣል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፍቅር ነው።»

«አንድ ዓይን ለማን እንደሚሣል ሰዓሊው አልነገረሽም?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ነግሮኛል» አለች። «ያን ቀን ጠዋት ሲያመው ወዲያው ብትወስጂው ኖሮ...»

ለቅሶ ላይ ያላለችውን በቀለም አለችኝ። ያን ቀን ጠዋት ደረቱን ይዞ «ጨጓራዬ ነው፣ ተይኝ» ሲለኝ አምኜዋለሁ። ሆስፒታል የወሰድኩት ከሰዓት ነው። ይህን ከማንም አልደበቅኩም፤ ስለዚህም በየቀኑ ራሴን እረግማለሁ፤ እሱንም እቆጣዋለሁ። ግን የእሷ ፍርድ ሥዕል ሆኖ ቤቴ እንዲሰቀል አልፈቅድም።

«የወንድምሽ ግራ ዓይን እንደማያይ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ሲሣልማ ሙሉ ይሁን ብዬ ነው።»

«እሱን ሙሉ፣ እኔን ግማሽ።»

«ድንኳኑ ውስጥ ይሰቀል፤ ሰው እየመጣ ነው» አለች።

«አይሰቀልም።»

ሳትበላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ እኔም አልጠራኋትም።

ሥዕሉን ሳሎን ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ሄጄ ሽንኩርት እገዛለሁ፤ ፌስታሉን ራሴ ተሸክሜ እመለሳለሁ።