ከድር የዘረጋልኝ የእጅ አንጓ

የሥጋ ቆራጩ የከድር እጅ የሰለለው እማማ ብርቄ አጥብቀው ስላሰሩት ነው ተብሎ በቂርቆስ ሰፈር ተወርቷል። ብርቄ እኔ ነኝ፤ ወሬው ሐሰት ነው። ያጠፋሁት ሌላ ነው፤ በእሱ ግን ማንም አልከሰሰኝም። ሁለቱን ለይቼ ልጽፍ ነው።

ወጌሻነት ያስተማረኝ አባቴ ነው። የመጀመሪያ ቀን የጎረቤታችንን ክንድ አስያዘኝ። «ሽምበቆውን በጨርቅ ጠቅልይ። ካሰርሽ በኋላ ትንሿ ጣትሽ ከማሰሪያው ስር ካልገባች ፍቺው። ጥፍሩ ከጠቆረም ፍቺው» አለኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ይህችን ግን አንድም ቀን አልረሳኋት።

ከድር የመጣው በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ቄራ ሥጋ ሲያወርድ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተሰብሯል። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ሰላም ልለው እጄን ስዘረጋ፣ ክንዱን በግራው ደግፎ አንጓውን ሰጠኝ። መዳፉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሥጋ ቆራጭ እጁ ደም ሲነካው እንደዚያ ነው ሰላም የሚለው። ጨዋ ነው ብዬ አንጓውን ጨበጥኩ።

«እማማ፣ ለበዓሉ ያደርሱኛል?»

«እኔ የማስረው አጥንት ነው፤ በዓል አላስርም» አልኩት። እያመመውም ሳቀ።

በየሳምንቱ አየሁት። ጣቱ ይሞቃል፣ ጥፍሩ ቀይ ነው፣ ትንሿ ጣቴም ትገባለች። ሽምበቆው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል። «በል አንሳ» አልኩት። ክንዱ ተነሳ፤ መዳፉ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ብርጭቆ ሳቀብለው ጣቶቹን መዘርጋት አቃተው።

እህቱ ዘይነባ ጮኸች። «አጥብቀው ገደሉት! በዚህ እጅ ስድስት ሰው ነው የሚበላው!»

«ትንሿ ጣቴ ትገባ ነበር» አልኳት።

«ጣትዎን ትተው የወንድሜን እጅ ይመልሱልኝ!»

ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ የራሴን ክንድ በዚያው ማሰሪያ አሰርኩ፤ ቀኑን ሙሉ መዳፌን ሳነሳ ዋልኩ። አልወደቀም። ፍርሃቱ ግን አለቀቀኝም። ካሳንቺስ ወይ ቡልጋሪያ ሰፈር ድሮ ያሰርኩትን ሰው ካገኘሁ ፊቱን ሳይሆን እጁን ማየት ጀመርኩ።

ሸሸች እንዳልባል ሐኪም ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት። የከድርን ክንድ እየዳበሰች አስረዳችን። «ነርቩ ከዚህ አጥንት ጀርባ ተጠግቶ ነው የሚዞረው። ለጡንቻው ትእዛዝ የሚያደርሰው እሱ ነው። እሱ ከተጎዳ ጡንቻው ደህና ሆኖም መዳፍ አያነሳም፤ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ይሟሽሻል።»

«ማሰሪያዬ ነው?» አልኳት።

«ከማሰርዎ በፊት መዳፉን ያነሳ ነበር?»

ዘይነባ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «አንጓውን ነው የሰጠኝ» አልኩ። «እጁን ደም ነክቶት መስሎኝ።»

ከድር አቀረቀረ። «ደም አልነበረውም፣ እማማ። ታጥቤ ነው የመጣሁት። መዳፌ እምቢ ብሎኝ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ከመንካቴ በፊት «መዳፍህን አንሳ» እላለሁ። ካልተነሳለት አላስርም፤ ወደ ሐኪም እልካለሁ። ከድር ዛሬ ቢላዋ የሚይዘው በግራው ነው።

ከድር ያን ሲናገር ሐኪሟ የመለሰችልኝ ይህን ነው፦ «እንግዲያው ያበላሸው ስብራቱ ነው፣ የእርስዎ ማሰሪያ አይደለም። ግን እማማ፣ ያን ቀን ምልክቱን በእጅዎ ጨብጠውት ነበር።»