ጌም በመረጥን ቀን ከአፌ የወጣው ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ጾም በገባ ቁጥር ንስሐ አባቴ ዘንድ እየሄድኩ የቀለለ የቀለለውን ተናዝዤ፣ ይህን ግን ውጬ ተመልሻለሁ። ሰውን መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ መስቀል ተሳልሞ መደበቅ ምን ይባላል? እንግዲህ የምታነቡ ሁሉ ስሙኝ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ነገሩም አያምርም።

ቤቴ ከአርብ ገበያ አለፍ ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ከአጥሬ ማዶ ነው፤ እኔም የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርኩ። ስለተማርኩ አልተመረጥኩም፤ ቀስ ብዬ ከማንበብና ከመጫጫር አላልፍም። የተመረጥኩት አንዴ እንቢ ካልኩ የማልመለስ ስለሆንኩ ነው። ሰው ይህን ጉብዝና ይለዋል። እኔም ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ለትምህርት ቤቱ አምስት አሮጌ ኮምፒዩተር ተሰጠ። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ወጣት መምህርት ነበረች፤ ኮሚቴውን ጠርታ «ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚሆን ጌም አብረን እንምረጥ» አለችን። ዕቃዎቹ ስላረጁ ከሁለት ጌም በላይ አይችሉም። ከኮምፒዩተሮቹ ጋር ሁለት ጌም መጥቷል፤ አንዱ የመኪና እሽቅድድም፣ አንዱ ተኩስ። እሷ ደግሞ ሁለት ጨምራለች፤ አንዱ ፊደል ማዛመድ ነው። ሌላው ላይ አንዲት ልጅ የጠፋች ፍየሏን ፍለጋ ዱር ገደሉን ታቋርጣለች። መንገዷ ላይ የተዘጋ በር አለ፣ ወንዝ አለ፣ አውሬ አለ። የሚጫወተው ልጅ መላ እየፈለገ ያሻግራታል።

መምህርቷ ይህን የመጨረሻውን ወደደችው። «ለሕፃን ጌም ሲመረጥ» አለች፣ «እጁን ሳይሆን ሐሳቡን የሚያሠራ ይሁን። ሲሳሳት የማያሸማቅቀው፣ ተመልሶ የሚያስሞክረው ይሁን። ማንበብ ላልቻለ ልጅ በሥዕልና በድምፅ ይምራው። ሁለት ሦስት ሆነው ሲመካከሩበት ደግሞ ያምራል።» ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። ያን ጊዜም ልክ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ነው ያደረግሁት።

ልጆች እንዴት እንደሚጫወቱ እንድናይ ሦስት ልጆች አስጠርታ ነበር። እኔ ግን «መጀመሪያ ሰብሳቢው ይሞክር» ብዬ ተቀመጥኩ። ማን ጠየቀኝ? በሩን እንደምንም አለፍኩት። ድልድዩ ጋ ስደርስ ጅብ የመሰለ አውሬ ቆሟል። ልጅቷን ወደፊት ስነዳት እየጮኸ ይመልሳታል። ደግሜ ነዳኋት፣ መለሳት። በዱላ ላስመታው ብል እሱም አልሆነ። ላቤ መጣ።

ከጎኔ የቆመችው ብርቄ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የሸክላ ሠሪዋ የፈንታዬ ልጅ። አባቷ ሞቷል።

«አባባ፣ አይምቱት» አለችኝ ቀስ ብላ። «ርቦት ይሆናል እኮ። ቅድም ዋሻው ውስጥ አጥንት ነበረ፤ ዝም ብለው አለፉት።»

ማውሱን ሰጠኋት። ልጅቷን ወደ ዋሻው መለሰቻት፣ አጥንቱን አስነሳቻት፣ ለአውሬው ጣለችለት። አውሬው ዘወር አለ። ከዚያ ማውሱን መልሳ ወደ እጄ ገፋችልኝና «በሉ አሁን ይሻገሩ» አለችኝ። አልሳቀችብኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብርቄ አልሳቀችብኝም።

የሳቀው የኮሚቴው ባልደረባዬ ተገኘ ነው። «አያ ውበቱ! በስተርጅና በሰባት ዓመት ልጅ ተመርተህ ወንዝ ተሻገርህ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔ በዚያች ደቂቃ ዝም ብል ምን ነበረበት? አብሬ ብስቅ ምን እጎዳ ነበር? እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦ «ምን ይደንቃል? የዘመዷን ጠባይ እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ኑሯል?»

የአገሬ ሰው ሳይነግሩት ይገባዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል የሚል ክፉ ወሬ ከአያት ከቅድመ አያት ወርሰናል። በፈንታዬ ድስት ወጥ እንሠራለን፣ በፈንታዬ እንስራ ውኃ እንቀዳለን፤ ዞረን ደግሞ ዓይኗን እንፈራለን። እኔ ያን ወሬ አምኜበት አላውቅም። ቢያንስ አምኜ ብናገረው ጅል ነው ትሉኝ ነበር። ሳላምንበት ነው በሕፃን ላይ የወረወርኩት።

«የምን ዘመድ?» አለች መምህርቷ። ተገኘ እንኳ መሬት መሬቱን አየ። ሁለቱ ልጆች ግን ገብቷቸው ከብርቄ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ብርቄ እነሱን አየች፣ እኔን አየች።

በዚያ ላይ «ይህ የጠንቋይ ጨዋታ ነው፤ ለልጆቻችን አይሆንም» ብዬ ድርቅ አልኩ። መኪናውና ተኩሱ ይግባ አልኩ። ማን ሊከራከረኝ? ገባ። የገዛ የልጅ ልጄ ይኸው እስከ ዛሬ መኪና ከግንብ ሲያጋጭ ይውላል።

ሳምንት አልሞላም፤ ልጆች ብርቄ ስታልፍ እንደ ጅብ ይጮኹባት ጀመር። አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ቀረች። ጩኸቱ በአጥሬ ላይ አልፎ ይሰማኛል። እየሰማሁ ማረሻዬን ሳበጅ እውል ነበር።

አንድ አርብ ፈንታዬ ወደ ገበያ ስትወርድ፣ ጀርባዋ ላይ ማሰሮ እንዳዘለች ከደጄ ቆመች። «አያ ውበቱ» አለች፣ «ልጄ አልሄድም ብላ ታለቅሳለች። እርስዎን ሁሉም ይሰማዎታል። ሰልፉ ላይ ወጥተው፣ የተናገርኩት ውሸት ነው ይበሉልኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«እኔ ምን አልኩ?» አልኳት። «ስም ጠርቻለሁ?»

«አልጠሩም» አለች። ማሰሮዋን አስተካክላ ሄደች።

ብርቄ ያን ዓመት ሳትጨርስ ወጣች። ወገዳ ከተማ፣ ሰው ቤት ሕፃን ልታዝል ተላከች። ገና የምትታዘል ልጅ! መምህርቷም ተቀይራ ሄደች። በሽምግልና ስንቱን በዳይ ድንጋይ አሸክሜ በተበዳዩ ደጅ ያስወደቅሁ ሰው ነኝ፤ የራሴን ድንጋይ ግን አላነሳሁም።

ብርቄ አውሬውን ያለፈችው ስላሰበች ነው። እኔ ያላለፍኩት ስላላሰብኩ ነው። ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር። አርጅቼ ነው አልልም፤ አልተማርኩም አልልም፤ የአገር ልማድ ነው አልልም። በሕፃን ተበለጥኩ፣ ያንን መሸከም አቃተኝ፣ እሷን አሸከምኳት። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ማሩኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ የተበደለችው ሌላ ናት። ወገዳ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ናት። ከዚያ ወዲህ በሬ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ብርቄ ያለችበትን ቤት አሳይተውኛል፤ ደጁ ላይ የሰው ልጅ አዝላ ቆማ አይቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በማዶው መንገድ አለፍኩ።