ከጡት የተከለከለችው ግልገል

አምና በክረምት የግመላችን ግልገል ተቅማጥ ያዛት። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው ቤታችን፤ ያለችን ግመልም ያቺው አንዲት እናቷ ናት። ግልገሏ ከሞተች እናቲቱ ወተት አትሰጥም። እህል በጠፋበት ጊዜ ያደርነው ደግሞ በእሷ ወተት ነበር።

አባቴ፣ ግመል አርቢው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ «የሚያስቀምጣት ወተቱ ነው» ብለው የእናቲቱን ጡቶች በገመድ አሰሩ። ግልገሏ እየተንገዳገደች ትመጣና ገመዱን ትልሳለች። ዓይኗ ጎድጉዷል። እናቲቱ ታጓራለች።

በማለዳ እናቴና እኔ በጭነት መኪና ደሴ ወጣን። ስድስተኛ ክፍል በመድረሴ «አንቺ ተናገሪ» ተብዬ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ፊት ስቆም ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ እንጂ ቃል አልወጣኝም። የነገረችው እናቴ ናት።

«አንጀቷን የያዛት ቫይረስ ይመስላል» አለ ሐኪሙ። «ለሱ መርፌ የለንም። የሚገድላት የሰውነቷ ውሃ ማለቁ ነው። ውሃ አፍልታችሁ ሲበርድ ጨውና ስኳር በጥብጡና ቶሎ ቶሎ አጠጧት። ጡቱንም ፍቱላት።»

ስንመለስ አባቴ ደጅ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«መርፌውስ?»

እናቴ ወደ እኔ አየች።

«የለም አለ፣ አባባ።»

«ደሴ ድረስ የለም ልትባሉ ሄዳችሁ?»

«ጡቱ ይፈታ ብሏል።»

«ወላሂ ጉድ ነው! ደሴ ፒያሳ ተቀምጦ ስለ ግመል ጡት ያስተምረኛል?»

ይህን ሲሉ ግልገሏ ጉልበቷ ታጥፎ ወደቀች።

«አባባ፣ ውሃዋ አልቆ ልትሞት ነው! ይፍቱላት!»

ጮኼ ተናግሬያቸው አላውቅም። ይመቱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ አዩኝና ወደ ግመሏ ሄዱ። ቋጠሮው በዝናቡ ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ፈቱት።

ግልገሏ ግን መቆም አልቻለችም። እናቴ አፏን ከፍታ ያዘች፤ እኔ የበጠበጥነውን በትንሽ በትንሹ አፈሰስኩላት። መጀመሪያ በጎን ወጣ። ኋላ ዋጠች። ሊመሽ ሲል አባቴ ከሆዷ ስር ደግፈው አነሷት፤ ጡቱን ፈልጋ ያዘች።

በማግስቱ ያለ ደጋፊ ቆማ ጠባች። ተቅማጡ ጨርሶ እስኪቆም ስኳር ያስፈልግ ስለነበር አባቴ ራሳቸው የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ፣ ሴቶች በሞሉት ሰልፍ ተሰለፉ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

«ምነው ከሴቶች ጋር?» አለቻቸው ጎረቤታችን እየሳቀች። «ማን ታመመ?»

አባቴ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«የዚች የሐኪሟ በሽተኛ ናት» አሉ።